የቅዳሜ መርፌዎች

በሩን ገፋ ሳደርገው እታለም መሬት ላይ ቁጭ ብላ መርፌ ውስጥ ክር እያስገባች ነው። እታለም! የኔ አለቃ! ቅዳሜ ጠዋት፣ እኔ የያዝኩት ኬዝ ቤት ውስጥ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ የምላሷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና።

«እንዴ!» አልኩኝ።

«እንዴ!» አለች እሷም።

አባባ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናቸው ኋላ ቀና ብለው «ማነው? ማነው የገባው?» አሉ። ልብ በሉ፣ እኔ በሩ ላይ ነኝ። በሳቸውና በኔ መሃል ያለችው አንዲት የካውያ ጠረጴዛ ናት። ፊቴን ትክ ብለው እያዩ ነው «ማነው?» የሚሉኝ።

እታለም ጭን ላይ መርፌ የሚሰካባት ትንሽ ትራስ አለች። መርፌዎቹ ተደርድረዋል፣ አብዛኞቹ ክር ገብቶላቸዋል። ነጭ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ፣ ቡኒ፤ ክሩ እንደ ጭራ ተንጠልጥሏል። ያቺን ትራስ አውቃታለሁ። ሰኞ ሰኞ በመጣሁ ቁጥር አያታለሁ። እንዲያውም አድንቄያታለሁ! «ሙያ ማለት ይሄ ነው፣ አባባ ሁሌ ተዘጋጅተው ነው የሚጠብቁት» ብዬ ለራሷ ለእታለም ነግሬያታለሁ። ምን ብላ መለሰችልኝ መሰላችሁ? «እህ» ብላ ሻይዋን ፉት አለች። በቃ፣ «እህ»።

ቆይ፣ ከስሩ ልንገራችሁ።

እኔ ሶሻል ወርከር ነኝ። ሥራችን ሲያጥር ይሄ ነው፤ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲጠፋ፣ ቤተሰብ ሲናጋ፣ ሽማግሌ ብቻውን ሲቀር እንሄዳለን፣ እናያለን፣ እናወራለን፣ ከቤቱ ሰው ጋር ሆነን መላ እንፈልጋለን። እታለም ደግሞ ሱፐርቫይዘራችን ናት። እታለም ስሟ አይደለም፣ ከጥበቃው ጀምሮ ሁሉም እንደዛ ስለሚላት እውነተኛ ስሟ ጠፍቶ ቀርቷል። ድሮ እኔ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነበር የምትሠራው። «እሷ ድንጋይ ታናግራለች» ይሉ ነበር። እውነትም ታናግራለች። ጎበዝ ስለሆነች ሾሟት። ስትሾም የያዘቻቸው ቤተሰቦች ለኛ ተከፋፈሉ፣ ለኔ አባባ ልብስ ሰፊውና የልጅ ልጃቸው ሚጡ ደረሱኝ።

ሚጡ እናቷ ካረፈች ወዲህ ያሳደጓት አባባ ናቸው። ጥርሷ ፍንጭት፣ ምላሷ ስለት። እኛ ጋ የመጣችው ከትምህርት ቤት ስለምትቀር ነው። ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ትገባለች። ሐሙስና ዓርብ የለችም። ለምን ስላት «አሞኝ» ትላለች።

«በሽታሽ ቀን ይመርጣል እንዴ?»

«የተማረ በሽታ ነው፣ ካላንደር ያነባል።»

በቃ ከዚህ በላይ አታገኙም ከሷ።

ሌላ ከተማ ደግሞ አክስት አለቻት፣ የአባባ ትንሿ ልጅ፣ አስተማሪ። «ልጅቷ ትምህርቷ እየተበላሸ ነው፣ ወደኔ ትምጣ» ብላ ጠይቃለች። በቀጣዩ ዓርብ ስብሰባ ነበረን። ሚጡ ከአያቷ ጋ ትቆያለች ወይስ አክስቷ ትወስዳታለች፣ እሱ የሚወሰንበት። ሚጡ መቆየት ነው የምትፈልገው። አባባ «እሷን ስትወስዱ እኔንም በዛው ቅበሩኝ» ነው የሚሉት። እኔ ደግሞ «አባባ ጤነኛ ናቸው፣ ሥራቸውን ያለማንም እርዳታ ይሠራሉ» ብዬ አስተያየቴን ሰጥቻለሁ። ያየሁትን ነዋ!

የስብሰባው ሳምንት ሊገባ ሲል ሚጡ ዓርብ ዕለት እንደገና ቀረች። ነገሩ አላስቀምጥ ሲለኝ ቅዳሜ ጠዋት ሳልናገር ሄድኩ። ሄጄም የነገርኳችሁን አየሁ።

እዛው በሩ ላይ እንደቆምኩ ነገሩ አንድ ባንድ ገጠመልኝ። እታለም ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ለሳምንቱ የሚሆን ክር ታስገባላቸዋለች። ክሩ እስከ ረቡዕ ያደርሳቸዋል። ሐሙስና ዓርብ ያልቃል። ሲያልቅ ከትምህርት ቤት ቀርታ፣ ቀኑን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጣ ዓይን የምትሆናቸው ሚጡ ናት።

«አባባ አያዩም» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ።

«ማነው አያዩም የሚለው!» አሉ አባባ መቀሳቸውን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርገው። «ይሄ ለፍላፊው ልጅ ነው አይደል? አውቄሃለሁ! በድምፅህ አውቄሃለሁ!»

እታለም ዓይኗን ጨፈነች።

ከቤት ስወጣ እስከ ደረጃው ተከትላኝ መጣች። ጫማዋን ግራና ቀኝ አሳስታ አጥልቃዋለች።

«ለምን?» አልኳት።

«በአንዲት መርፌ ነው የተጀመረው» አለች። «ኬዙን እኔ ይዤ ሳለ አንድ ቀን ‹እስቲ ይቺን አስገቢልኝ› አሉኝ። አስገባሁ። ‹ለማንም አትንገሪ፣ ልጄን ይወስዱብኛል› አሉኝ። አይዞዎት፣ እኔ አለሁ፣ ማንም አይወስዳትም አልኳቸው። ትንሽ ላግዛቸውና ራሴ ሐኪም ቤት እወስዳቸዋለሁ ብዬ ነበር። ከዛ ሹመቱ መጣ።»

«ከሹመቱ በኋላስ?»

«ከሹመቱ በኋላማ…» የደረጃውን መደገፊያ በጥፍሯ ትፍቃለች። «ሳምንቱን ሙሉ የናንተን ስሰማ ነው የምውለው። ስሰማ! ማን ምን ሆነ፣ ማን ምን አለ። ማታ ቤቴ ስገባ ዛሬ ምን ሠራሽ ብትለኝ መልስ የለኝም። እዚህ ስመጣ ግን ክር ነው። ገባ ማለት ገባ ነው።»

ልናደድባት ፈልጌ አንጀቴን በላችው። ግን ሚጡ ትዝ አለችኝ።

ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ። እያንዳንዳችን ማክሰኞ ማክሰኞ ከእታለም ጋ የምንቀመጥበት ሰዓት አለን። በር ይዘጋል፣ ስልክ ይጠፋል፣ የሳምንቱን ኬዞች እናወራለን። መልስ አትሰጥም። ሞታችሁ ብትገኙ አትሰጥም። «አንተ ምን አየህ? ያየኸውን ንገረኝ፣ የገመትከውን ቆይተህ» ነው ሥራዋ። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፣ በኋላ ግን ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ እንዲከፈት ያደረገው እሱ ነው።

«እታለም» አልኳት፣ «ያየኸውን ንገረኝ ስትይኝ ነገርኩሽ። ያየሁት ግን አንቺ ያዘጋጀሽልኝን ነው።»

ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች።

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» አለች፣ አስተካክላ እያጠለቀችው። «ሰኞ እንገናኝ።»

እኔ ያንን እሁድ እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ብናገር አለቃዬን ከሰስኩ። ባልናገር ስብሰባው በውሸት ሊወስን ነው። እውነቱ መሃል ላይ ቢፈነዳ ደግሞ አክስቲቱ «ይኸው! ደብቀውኝ ነበር!» ብላ ልጅቷን በዛው ቀን ይዛ መሄዷ ነው።

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን እንኳን ሳላወርድ እታለም ጠረጴዛዬ ጋ ቆማለች። «ና፣ ጋሼ ጋ እንግባ።»

ጋሼ ሥራ አስኪያጃችን ናቸው። ቀስ ብለው የሚያወሩ፣ ሲናደዱ ደግሞ ይበልጥ ቀስ የሚሉ ሰው። እታለም ቁጭ እንኳን ሳትል ሁሉንም ዘረገፈችው። አላሳመረችውም፣ አላለቀሰችም። «እኔ የሰጠሁት ቃልና እኔ የሰካሁት ክር የዚህን ልጅ ዓይን ሸፍኖበታል። አስተያየቱ የተበላሸው በሱ ጥፋት አይደለም» አለች።

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «እታለም… ሲሾሙሽ… ምን ነበር ያልኩሽ?»

«‹እጅሽን ሰብስቢ› ነው ያሉኝ።»

«እና?»

«አፌን ሰበሰብኩ፣ እጄ አመለጠኝ።»

ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ሰበሰቡ። «ቀልድ አይደለም። አንቺ ለሽማግሌው ደግ ስትሆኚ ልጅቷ በሳምንት ሁለት ቀን ክፍል አጣች። ደግሞ ይሄን ልጅ» እኔን ነው «በጭለማ አስኬድሽው። እሺ። የዚህን ኬዝ ሱፐርቪዥን እኔ እይዘዋለሁ። አንቺም በየሳምንቱ እኔ ጋ እየመጣሽ ትቀመጫለሽ። ሐኪም ሲታመም ሐኪም ጋ አይደል የሚሄደው? አንድ ሥራ ግን ይቀርሻል። ቃሉን የሰጠሽው አንቺ ነሽ፣ ሄደሽ የምታነሺውም አንቺ ነሽ። ከዛ በኋላ ሥራው የሱ ነው።»

በእስክሪብቷቸው ወደኔ ጠቆሙ። እኔ ከኋላዬ ሌላ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ።

ረቡዕ ከሰዓት አብረን ሄድን። ሰፈሩ ጠባብ ነው፣ ደረጃው ላይ የሰው ሁሉ ልብስ ተሰጥቶ እየተሽሎከለክን ነው የወጣነው። አባባ ኮት እየቀመቀሙ አገኘናቸው። እጃቸው ያለ ዓይን ያውቀዋል ሥራውን፣ እሱ ነው ሰውን የሚያታልለው። ትራሷ ላይ ክር ያላት መርፌ አልቀረችም።

«እታለም ነሽ? ዛሬ ቅዳሜ ነው እንዴ?»

«አይደለም አባባ። ቃሌን ላፈርስ ነው የመጣሁት።»

እንዲህ ብላ ነው የጀመረችው! እኔ ቢሆን ስለ አየሩ ጀምሬ፣ ስለ ጤና ጠይቄ፣ ቁም ነገሩ ጋ ስደርስ ይመሽ ነበር። እሷ ግን በቀጥታ፦ «እኔ አለሁ ያልኩዎት ስህተት ነበር። ልጅቷን ለማቆየት የረዳሁ መስሎኝ እንዳትቆይ ነው ያደረኩት። ከዛሬ በኋላ ክር አላስገባልዎትም። ኬዙ የሱ ነው፣ እሱን ይመኑት።»

«እሱን?» አሉ አባባ በአገጫቸው ወደኔ ጥላ እየጠቆሙ። «ይሄንን ሬዲዮ?»

«አዎ፣ ሬዲዮውን» አለች።

አባባ ተቆጡ። ፊታቸው ቀላ፣ ደረታቸው ተነፋ። «እንግዲያው ማንንም አልፈልግም! እኔ የሰው እጅ ጠብቄ አላደግኩም!» ብለው አንዲት መርፌ ከትራሱ ነጠቁ። ክሩን በምራቃቸው አረጠቡት፣ አሾሉት፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉት። ወደ ቀዳዳው ሰደዱት። ሳተ። እንደገና። ሳተ። ክሩ በአየር ላይ እየዋኘ ነው። ከሩቅ ላየው ሰው ዝንብ የሚያባርሩ ነው የሚመስለው።

ላግዛቸው እጄ ተነሳ። እውነቴን ነው፣ በራሱ ተነሳ። ወደ እታለም ዞር ስል ሁለት እጆቿን ጭኖቿ ሥር አስገብታ ተቀምጣባቸዋለች። ድንጋይ የምታናግር ሴት፣ እጇን እንደ ወንጀለኛ አስራ ተቀምጣለች። ያኔ ገባኝ፤ በዚህች ሰዓት ከባዱ ሥራ ይሄ ነው። እኔም እጄን ኪሴ ከተትኩ።

ሳተ። ሳተ። መርፌዋ ከእጃቸው ወድቃ ወለሉ ላይ ጠፋች።

«ተወው አባባ።»

ሚጡ ናት። ከትምህርት ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆማለች፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ።

«ምኑን ነው የምተወው?» አሉ አባባ፣ ድምፃቸው ግን ወርዷል።

«መደበቁን። እኔ ደከመኝ። አሞኝ ማለት ደከመኝ። እዚህ መኖር እፈልጋለሁ፣ ትምህርትም እፈልጋለሁ። ሁለቱንም ነው የምፈልገው። ይሄ ቅብጠት ነው?»

«አይደለም» አሉ አባባ ቀስ ብለው። «ቅብጠት አይደለም ልጄ።»

እታለም አፏን ልትከፍት ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ዘጋችው። ተራው የኔ ነበር።

ምን እንደምል አላውቅም ነበር፣ ማክሰኞ ማክሰኞ የምጠየቀውን ጠየቅኩ። «አባባ፣ የሚፈሩት ምንድን ነው? ሐኪም ቤት ሲያስቡ ማለቴ ነው።»

የኮቱን ጠርዝ በጣታቸው ይዳብሳሉ። እኔ ዝም ማለት እንዴት እንደሚያመኝ አታውቁም። ቻልኩት።

«ቢላዋውን አይደለም» አሉ። «እኔ ተኝቼ ልጅቷ ማን ጋ ታድራለች? አክስቷ ትወስዳታለች። አንዴ ከሄደች ደግሞ አትመለስም። አለቀ።»

«አክስቷ ልጅቷን ከምትወስድ አክስቷ እዚህ ብትመጣስ?»

«እሷ? ከሷ ጋ ተኮራርፈናል።»

«እኔ ግን አልተኮራረፍኩም» አለች ሚጡ፣ ስልኩን አንስታ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

አክስቲቱ ነገሩን ስትሰማ ሳቅና ለቅሶ ቀላቀለች። «አባባ፣ እኔን ይድፋኝ፣ እኔ እኮ እንደማታይ ጠርጥሬአለሁ! ሳንኮራረፍ የላክልኝን ቀሚስ አንዱን እጅጌ ገልብጠህ ነው የሰፋኸው። ለብሼው ክፍል ገብቼ ተማሪዎቼ እስካሁን ይስቁብኛል!»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቆጣለሃ!»

«አልቆጣም!» አሉ ተቆጥተው።

ሚጡ ሳቀች። እኔም። እታለም እንኳን ከእጇ ላይ ሳትነሳ ሳቀች።

«ልጅቷን የፈለግኳት ሐሳብ ስለገደለኝ ነው» አለች አክስቲቱ። «አንተ የምትታከም ከሆነ ፈቃድ ወስጄ እኔ እመጣለሁ። ከመጣሁ ግን ምግቡን እኔ ነኝ የማበስለው፣ ያንተን እጅ አውቀዋለሁ።»

ዓርብ ስብሰባው ላይ ያየሁትን በሙሉ ተናገርኩ፤ የመጀመሪያውን ስህተት፣ እንዴት እንደተሳሳትኩ፣ ረቡዕ ምን እንደሆነ። እታለም አጠገቤ ተቀምጣ የሷን ድርሻ ራሷ ተናገረች። ከስብሰባው ሰዎች አንዷ «ሱፐርቫይዘር ሆነሽ?» ብትላት «አዎ፣ ሱፐርቫይዘር ሆኜ» አለች፣ በቃ። ተወሰነ፤ ሚጡ ከአያቷ ጋ ትቆያለች፣ አባባ ይታከማሉ፣ አክስቲቱ እስኪያገግሙ አብራቸው ትሆናለች። ሚጡ ስነግራት «የተማረው በሽታዬስ?» አለችኝ። «ተመርቆ ሄደ» አልኳት።

የዓይን ሐኪሙ ሞራ ነው አለ። ሁለቱም ላይ፣ ግን የሚገፈፍ ሞራ። መጀመሪያ አንደኛው፣ ቆየት ብሎ ሌላኛው። ከስብሰባው ወዲህ ሚጡ አንድም ሐሙስ አልቀረችም። አባባ ክር የሚያስገባላቸው ሰው አላጡም፣ ታች ያለው ጫማ ሰፊ ነው፤ ራሳቸው ወርደው ነው የጠየቁት፣ ማንም አልጠየቀላቸውም። እታለም ይሄን ስነግራት ግድግዳውን ስታይ ቆየች፤ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት እንጃ። ሁለቱም መሰለኝ። ማክሰኞዎቻችን ግን ተለውጠዋል። አሁን «አንተ ምን አየህ?» ካለችኝ በኋላ «እኔስ የሸፈንኩብህ ነገር አለ?» ትጨምራለች።

እና ዛሬ እዚህ ደረስን። የአንደኛው ዓይን ኦፕሬሽን ትናንት በሰላም አለቀ። ፋሻው ነገ ጠዋት ይፈታል። ከሰዓት ልጠይቃቸው ሄጄ ልወጣ ስል አባባ ክንዴን ያዙኝ።

«ነገ እታለም ትምጣ» አሉ። «ክር አይደለም የምፈልገው። ያንን ጨርሰናል። ባትመጣም ግድ የለም፣ አላኮርፍም። ግን ድምጿን ነው የማውቀው፣ እጇን ነው የማውቀው። ፊቷን አንድ ቀን እንኳን ጥርት አድርጌ አላየሁትም።»

«እኔንስ?»

«ያንተ ይቆየኝ፣ ድምፅህ ይበቃኛል።»

ቢሮ ተመልሼ ለእታለም ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፣ መስኮቱን አየች፣ ጉንጯን ነከሰች። መሄድ እንደምትፈልግ ከፊቷ ላይ ያስታውቃል፣ ሕፃን ልጅ እንኳን ያነበዋል። «ኬዙ ያንተ ነው» አለችኝ። «ሂጂ ካልከኝ እሄዳለሁ፣ ቅሪ ካልከኝ እቀራለሁ። እውነቴን ነው፣ አልቀየምም። ሳይመሽ ንገረኝ።»

ጋሼ ጋ ሮጥኩ። ምን አሉኝ መሰላችሁ? «አንተ… ምን አየህ?» እናንተ ሰዎች ሌላ ጥያቄ የላችሁም እንዴ!

ያየሁትን ልንገራችሁ። እሷ እጇን ስትሰበስብ አባባ በራሳቸው እግር ደረጃውን ሲወርዱ አይቻለሁ። ነገ ስትገባ «እኔ አለሁ» የሚለው ነገር አብሯት ቢገባስ? በሌላ በኩል ደግሞ ይሄ ሽማግሌ ያለው ምንድን ነው? ፊቷን ልይ ነው ያለው። ሰው የሰው ፊት ማየት አማረው፣ ይሄ ደግሞ በየትኛው ሕግ ይከለከላል?

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሆኜ ነው ይሄን የምጽፍላችሁ። ከመስታወቱ ማዶ እታለም ኮቷን ደርባለች፣ ግን አልወጣችም፤ መልሴን እየጠበቀች ነው። እናንተ በኔ ቦታ ብትሆኑ ሂጂ ትሏታላችሁ ወይስ ቅሪ?